ባለ ቀንበር የእንፋሎት ሞተር በጓሮ ወርክሾፕ፦ የፒስተኑ ዘንግ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይነክሳል

የአዘዞው ቶርነኛ · ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 3፡20

ጤና ይስጥልኝ። ስምንት ወር የደከምኩበት ሥራ መጨረሻው ላይ ስላስቸገረኝ ነው የምጽፈው። የምሠራው ባለ ቀንበር የእንፋሎት ሞተር ነው፤ በጥንት ጊዜ የማዕድን ጉድጓድ ውኃ ይቀዳበት የነበረው ዓይነት፣ ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ። «ቀንበር» ያልኩት ከላይ የተጋደመውን ዘንግ ነው። መሐሉ ላይ ታስሮ ሁለት ጫፎቹ ተራ በተራ ከፍ ዝቅ ይላሉ። በአንዱ ጫፍ ፒስተኑ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ ቮላኖውን (ከባዱን መንኮራኩር) የሚያዞረው ቢየላ የሚባል ዘንግ ተንጠልጥሏል።

አባቴ የእህል ወፍጮ ያስነሳ ነበር። በሰፈራችን ወፍጮውን ሁሉም «ባቡር» ነበር የሚለው፤ እናቴ «እህሉን ባቡር ቤት አድርሰህ ና» ትለኝ ነበር። በሐዲድ ላይ የሚሄድ ባቡር መኖሩን ያወቅኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። የአባቴ ሞተር በናፍጣ የሚሠራ ሆኖ ሳለ ስሙ ለምን ባቡር እንደሆነ ስጠይቅ፣ ቃሉ በዓረቦችና በቱርኮች በኩል አልፎ ከአውሮፓውያኑ «ቫፖር» እንደ መጣ፣ ትርጉሙም እንፋሎት እንደሆነ አንድ መምህር ነገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ እውነተኛ ባቡር በገዛ እጄ ልሠራ ተመኘሁ።

ያለኝ መሣሪያ አንድ አሮጌ ትንሽ ቶርኖ፣ አንድ የጠረጴዛ ትራፓኖ፣ ሞርሳና ሞረድ ነው። ፍሬሳ የለኝም። ሲሊንደሩን ያወጣሁት ቅዳሜ ገበያ ከአንድ ቁራሌ ከገዛሁት የነሐስ ቡሽ ነው። ውስጡ 30 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 60 ሚሊሜትር። ቀንበሩን ከ8 ሚሊሜትር ላሜራ ቆርጬ በሞረድ ቅርጽ አስያዝኩት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀዳዳዎቹ 300 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። ቮላኖው የእግር ስፌት መኪና የታችኛው መንኮራኩር ነው። መሠረቱ ወይራ።

ችግሩ ይህ ነው። ቮላኖውን በእጄ ሳዞር ከመሐል ጀምሮ ለስላሳ ይሄዳል። ፒስተኑ ወደ ላይ ጫፍ ሊደርስ አንድ ሴንቲሜትር ሲቀረው ግን ዘንጉ ይነክሳል፤ በጣቴ ይሰማኛል። ወደ ታችም ሲደርስ ትንሽ ይከብዳል። ሲሊንደሩን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩ፣ በማእዘን መለኪያ ቀጥ መሆኑን አረጋገጥኩ፤ ለውጥ የለም። የዘንጉን ማሸጊያ ባላላው ንክሻው ይጠፋል፣ አየሩ ግን ሁሉ በዚያ ያመልጣል። የገጠመው ሰው አለ?

ሞፈርና ምራን · ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 4፡05

ሥራህ ደስ ይላል፣ እግዚአብሔር ያስፈጽምህ። ስለ ሞተሩ የማውቀው ነገር የለኝም፤ ስለ ቃሉ ግን ልናገር። እኔ ደንቢያ ያደግሁ የገበሬ ልጅ ነኝ። ቀንበር በበሬዎች ትከሻ ላይ ይጋደማል፣ በምራን ከሞፈር ጋር ይታሰራል፤ ሥራው መጫን እንጂ መወዛወዝ አይደለም። አንተ የምትለው ነገር ሚዛን ነው። ከፍ ዝቅ የሚለው ሚዛን ነው።

የአዘዞው ቶርነኛ · ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 4፡30

ወንድሜ፣ አንዱ በሬ ሲደክም ቀንበሩ ወደ ኋላ አያዘነብልም? ምራኑ መሐል ላይ ይዞት ሁለቱ ጫፎች አንዴ ይሄ አንዴ ያ ሲቀድም አይተሃል። ሚዛን ደግሞ እኩል ሲሆን ያርፋል፤ ይህ ግን እኩል ሆኖ ማረፍ የለበትም፣ በሁለቱም ጫፍ ጉልበት ይሸከማል። ቃሉን አልተውም።

መምህር ዘፊዚክስ · ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 1፡40

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንየው፣ ምክንያቱም የሌሎች ሰዎችም ጥያቄ ይሆናል።

የቀንበሩ ጫፍ የሚሄደው በቅስት ላይ ነው። ፒስተኑ ግን ሲሊንደር ውስጥ ስለሆነ በቀጥታ መስመር ብቻ ይሄዳል። ባንተ ልኬት እናስላው፦ ከመሐል እስከ ጫፍ 150 ሚሊሜትር፣ ከፍታው ወደ ላይ 30፣ ወደ ታች 30። በዚህ ጊዜ ቀንበሩ ከአግድም ወደ 11 ዲግሪ ተኩል ያዘነብላል፤ ጫፉም ወደ ውስጥ 3 ሚሊሜትር ይገባል። ዘንጉን በቀጥታ ብታስረው በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ 3 ሚሊሜትር ወደ ጎን ይጎተታል ማለት ነው።

ቶማስ ኒውኮመን በ1712 በእንግሊዝ አገር በዱድሊ አቅራቢያ ሞተሩን ሲያቆም ይህ አላስቸገረውም። በእሱ ሞተር ፒስተኑ ቀንበሩን የሚስበው ወደ ታች ብቻ ስለነበር በሰንሰለት አስሮት ነበር፤ የቀንበሩ ጫፍ ደግሞ እንደ ቅስት የተቆረጠ ስለሆነ ሰንሰለቱ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጄምስ ዋት ግን እንፋሎቱን በፒስተኑ በሁለቱም ወገን ማስገባት ሲጀምር ፒስተኑ መሳብ ብቻ ሳይሆን መግፋትም ሆነበት። በሰንሰለት መግፋት አይቻልም። ስለዚህ በ1784 ዛሬ ትይዩ እንቅስቃሴ የሚባለውን የዘንጎች ጥምረት አወጣ። ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የሚኮራው በዚህ እንደሆነ በእርጅናው ለልጁ ጽፏል፤ ሥዕሉን ላየ ሰው አያስገርምም። ሁለት ቅስቶች አንዱ የሌላውን ጥመት ይሽረዋል፣ ቀጥታ መስመርም ይወለዳል።

ወንድሜ፣ ጥያቄዬ፦ አንተ ይህን ጥምረት ሠርተሃል ወይስ ዘንጉን በሐዲድ ነው ያስሄድከው?

የአዘዞው ቶርነኛ · ጥቅምት 5፣ ከቀኑ 7፡10

ሠርቻለሁ መምህር። ከቀንበሩ ጫፍና ከጫፉ እስከ መሐሉ ካለው እኩሌታ (ማለት ከመሐል 75 ሚሊሜትር ላይ) ሁለት እኩል ማያያዣዎች ተንጠልጥለዋል፤ ታች በ75 ሚሊሜትር ዘንግ ተያይዘዋል። የውስጠኛውን ማያያዣ ታች ጫፍ የሚይዘው መሪ ዘንግም 75 ሚሊሜትር ነው፤ ሌላኛው ጫፉ በሲሊንደሩ ክዳን ላይ ባቆምኩት ማቀፊያ ታስሯል፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሆኖ። የማቀፊያው ቀዳዳ ልክ በፒስተኑ መስመር ላይ ነው።

መምህር ዘፊዚክስ · ጥቅምት 5፣ ከቀኑ 8፡00

ልኩ ትክክል ነው። ሦስቱም 75 ከሆኑ የመሪው ዘንግ መታሰሪያ በፒስተኑ መስመር ላይ መዋል አለበት፣ ውሏልም። አንድ ማሻሻያ አለ፦ የፒስተኑንም የመታሰሪያውንም መስመር ከ150 ወደ 148 ተኩል ሚሊሜትር ብታመጣው፣ ማለትም የዚያን የ3 ሚሊሜትር ግማሽ ወደ ውስጥ ብታስገባው፣ ማያያዣዎቹ መሐል ላይ ትንሽ ወደ አንድ ጎን፣ ጫፍ ላይ ትንሽ ወደ ሌላው ጎን ያዘነብላሉ፤ መስመሩ ይበልጥ ይቀናል።

ዘጋፋት · ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 2፡45

መምህር ያሉት እውነት ነው፤ ግን ለዚህ ልጅ ንክሻ መድኃኒቱ ያ አይደለም። ማያያዣው 50 ሚሊሜትር ቢሆን 3 ሚሊሜትር ማዘንበል ቁመቱን የሚቀንሰው ከአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር በታች ነው። በዚህ መጠን ሞተር ላይ እጅ አይሰማውም። ሲሊንደሩን አታንቀሳቅስ።

አርባ ዓመት በሞርሳ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ብረት የት እንደነከሰ ራሱ ይናገራል። ዘንጉን አውጣና በደንብ ጥረገው። በሻማ ጥላሸት ስስ አድርገህ ቀባው። መልሰህ ግጠምና ቮላኖውን በእጅህ አሥር ጊዜ ብቻ አዙር። አውጥተህ ጥላሸቱ የተፋቀበትን ቦታ አሳውቀኝ፦ ከቀንበሩ ምሰሶ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? በዘንጉ የታችኛው ክፍል ነው ወይስ በላይኛው?

የአዘዞው ቶርነኛ · ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 1፡30

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ነገሩ አስደንቆኛል። በዘንጉ የታችኛው ክፍል፣ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲደርስ ማሸጊያው ውስጥ በሚውለው ቦታ፣ ጥላሸቱ የተፋቀው ከምሰሶው ራቅ ባለው ፊት ነው፤ ሁለት ሴንቲሜትር የሚያህል፣ ብረቱ እንደ መስተዋት ያበራል። በላይኛው ክፍል ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ወደ ምሰሶው በዞረው ፊት በኩል ጠባብ ጭረት አለ። መሐሉ ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል፣ ጣት አልነካውም።

ዘጋፋት · ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 2፡10

እንግዲያው መስመርህ ቀጥታ ነው፣ ግን ያዘነበለ ነው። ከላይ ወደ ውጭ፣ ከታች ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ መሐል ላይ ልክ ነው። መስመር የሚያዘነብለው ደግሞ ቀንበሩ አግድም ሲሆን መሪው ዘንግ አግድም ካልሆነ ነው። የመሪው ዘንግ መታሰሪያ ዝቅ ብሏል። ምን ያህል ዝቅ እንዳለ እኔ ከደብረ ታቦር ሆኜ ልለካው አልችልም፤ አንተ ግን ትችላለህ። እርሳስ አምጣ።

ዘንጉን ከማያያዣው ፍታ። በዘንጉ ቦታ ስለታም እርሳስ እሰር። ከጀርባው ወፍራም ወረቀት በእንጨት ላይ ለጥፈህ አቁም፤ ወረቀቱ ላይ በሲሊንደሩ መሐል ልክ ቀጥታ መስመር በቀይ አስምር። ቀንበሩን ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለህ አውርደው። እርሳሱ የሚስለውን ከቀዩ ጋር አስተያይ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ። ይህን ሁሉ ከለካህና ከቆረጥክ በኋላ ከፍ ያደረግከው ወይም ዝቅ ያደረግከው ነገር አለ?

የአዘዞው ቶርነኛ · ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 2፡50

አለ። አሁን ገባኝ። ቢየላው ተሠርቶ ሲያልቅ 3 ሚሊሜትር ረዝሞ ነበር። እንደገና ከማሳጥር ብዬ የቀንበሩን ማረፊያ ሥር 3 ሚሊሜትር ላሜራ አስገብቼ ከፍ አደረግሁት። ቀንበሩ አግድም ስለሆነልኝ አለቀ ብዬ ተውኩት። የመሪውን ዘንግ ማቀፊያ ግን አልነካሁትም።

መምህር ዘፊዚክስ · ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 3፡25

አሰላሁት። መታሰሪያው በ3 ሚሊሜትር ዝቅ ሲል የዘንጉ ጫፍ ከላይ ወደ ውጭ 0.66፣ ከታች ወደ ውስጥ 0.54 ሚሊሜትር ይሄዳል። በጠቅላላው 1.2 ሚሊሜትር ጥመት በ60 ሚሊሜትር ጉዞ ላይ። ጋሼ ያነበቡት ጥላሸት የሚለው ይህንኑ ነው፤ ከላይ በኩል ያለው ንክሻ ለምን እንደሚበልጥ ሳይቀር። ለተማሪዎቼ የማሳየው እንዲህ ያለ ነገር ነበር የጠፋኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ፋሲል መዋኛ ሰፈር · ጥቅምት 7፣ ከጠዋቱ 2፡15

በመሐል ስለገባሁ ይቅርታ። ዝም ብዬ ስከታተል ነበር፤ አንድ ጥያቄ አለኝ። የኒውኮመንን ዓይነት፣ ያለ ግፊት፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ በሚፈጠረው ባዶነት ብቻ የሚሄደውን መሥራት አይሻልም ወይ? አደጋው ያነሰ ይመስለኛል።

መምህር ዘፊዚክስ · ጥቅምት 7፣ ከጠዋቱ 4፡00

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አገራችን የምትመልሰው ነው። በኒውኮመን ሞተር ፒስተኑን ወደ ታች የሚገፋው የአየር ክብደት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። በባሕር ዳርቻ የአየሩ ግፊት ወደ 101 ኪሎፓስካል ሲሆን እዚህ ወደ 78 ነው። ያው ሞተር፣ ያው ሲሊንደር፣ ከምጽዋ ወደ ጎንደር ቢወጣ ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱ በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። በ30 ሚሊሜትር ፒስተን ላይ ባዶነቱ ፍጹም ቢሆን እንኳ 55 ኒውተን ነው፤ በባሕር ዳርቻ 71 ይሆን ነበር። በዚያ ላይ በትንሽ ሞተር እንፋሎቱ ጊዜው ሳይደርስ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ስለሚቀዘቅዝ አስቸጋሪ ነው።

በግፊት ለሚሄደው ግን ከፍታችን ጉዳት የለውም። በ2 ባር ግፊት ያው ፒስተን 141 ኒውተን ያገኛል፤ የተጠቀምንበትን እንፋሎት የምንለቀውም ወደ ቀለለ አየር ነው። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላ ስትቀቅል የምታውቀው ነገር ነው። በተዘጋ ማፍያ ውስጥ ግን ግፊቱ ሲጨምር የሚፈላበትም ሙቀት አብሮ ይጨምራል።

የአዘዞው ቶርነኛ · ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 4፡40

ተሠራ!

የእርሳሱ መስመር ጋሼ እንዳሉት ነበር፤ ከቀዩ ጋር መሐል ላይ ይቆራረጣል፣ ከላይ ወደ ውጭ ይሸሻል። ማቀፊያውን አንስቼ ቀዳዳዎቹን በክብ ሞረድ ወደ ላይና ወደ ታች አረዘምኳቸው፣ እንዲስተካከል። ትንሽ ከፍ፣ መሳል፤ ትንሽ ከፍ፣ መሳል። በሰባተኛው ሥዕል እርሳሱ ቀዩን መስመር ተከትሎ ወረደ። ከዚያ መብራት ጠፋ፤ ቡሎኖቹን በሻማ አጠበቅሁ።

ዛሬ ከሥራ በኋላ ሞተሩን ታቅፌ ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። ልጁ ኮምፕሬሰሩን ወደ አንድ ባር ዝቅ አድርጎ ቱቦውን ያዘልኝ። ቮላኖውን በጣቴ ገፋ አደረግሁት። አንድ ጊዜ ዞሮ ቆመ። ማሸጊያውን ሩብ ዙር አላላሁ። ሁለተኛ ገፋሁት፣ ሄደ። ጎማ ሊያስጠግኑ የቆሙ የባጃጅ ሹፌሮች ከበቡን። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ከላይ ያሉት ማያያዣዎች ወዲያና ወዲህ ሲሉ እሱ ግን አይነቃነቅም። በደቂቃ አርባ ጊዜ ያህል ይዞራል። ፒስተኑን በቃጫ ክርና በሞራ ነው የሸፈንኩት፣ የጥንቶቹ እንዳደረጉት። አንድ አዛውንት «ይህ ምን ይፈጫል?» ብለው ጠየቁኝ። አባቴን አስታወሱኝ።

ጋሼ፣ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሁን የቀረው ማፍያው ነው። ቤት ውስጥ ያረጀ የናስ መድፍ ቀለህ አለ፤ ወፍራም ነው፣ ዲያሜትሩም ልክ ነው። ጫፉን በቆርቆሮ ሠሪዎች ቆርቆሮ ብየዳ ልዘጋው አስቤአለሁ። በሁለት ሳምንት በእንፋሎት ይሄዳል።

ብየዳ አስተማሪዋ · ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 5፡15

ወንድሜ፣ ደስታህን አይቼ ደስ ብሎኛል። ግን እባክህ ያንን ቀለህ እሳት ላይ አታስቀምጥ። ይህን የምጽፈው ዝም ማለት ስለማልችል ነው።

ናስ ውስጥ ዚንክ አለ። ፍል ውኃና እንፋሎት ውስጥ ሲቆይ ዚንኩ ቀስ በቀስ እየወጣ የሚቀረው መዳብ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ለዓይን ጤነኛ የሚመስል፣ በእጅ የሚፈረፈር ነገር ነው። ማፍያ ከመዳብ ይሠራል፤ የተያያዙት ነገሮች ከነሐስ።

የቆርቆሮና የእርሳስ ብየዳ በ183 ዲግሪ መቅለጥ ይጀምራል። በ2 ባር ግፊት እንፋሎቱ ራሱ ከ130 ዲግሪ በላይ ነው፤ ውኃው ከቀነሰና እሳቱ ባዶ ብረት ካገኘ ብየዳው ይፈስሳል። የብር ብየዳ ከ600 ዲግሪ በላይ ነው የሚቀልጠው። ብር ሠሪዎች ጋ ሂድና ሲሠሩ ተመልከት፤ ጎንደር ውስጥ እጃቸው የተባረከ ሰዎች አሉ። ለትልቅ መገጣጠሚያ ግን የነሱ ትንሽ ነበልባል አይበቃም፤ ሁለት ምንጭ እሳት ያስፈልግሃል፣ ሙሉው መዳብ አብሮ ካልቀላ ብየዳው አይገባም።

ጠፍጣፋ ጫፎች በግፊት ይነፋሉ፤ ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያያዙ የመዳብ ወይም የነሐስ ዘንጎች ውስጡ አሳልፍ። የደኅንነት ቫልቭ፣ የውኃ መጠን ማሳያ ብርጭቆ፣ የግፊት መለኪያ፤ ሦስቱ ሳይኖሩ ክብሪት አትለኩስ።

ሲያልቅ በአየር አትሞክረው! በውኃ ሙላው፣ አንድም የአየር ኪስ እንዳይቀር፤ በእጅ ፓምፕ ልትሠራበት ካሰብከው ግፊት እጥፍ ድረስ፣ ማለት 4 ባር፣ ቀስ ብለህ አውጣው። ውኃ አይታመቅምና ቢሰነጠቅ ጠብታ ይረጫል እንጂ አይፈነዳም። እንፋሎት ግን ሌላ ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ በተለመደው የአየር ግፊት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ሞተርህ ቢበላሽ እንደገና ትሠራዋለህ። ልጆች ሊያዩት ይከቡሃል፤ ዛሬ ጎሚስታው ጋ የከበቡህን አስብ።

የአዘዞው ቶርነኛ · ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 12፡50

እህቴ፣ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። የልጄ ጓደኞች ቅዳሜ ሊያዩ ይመጣሉ ብዬ ነበር። ቀለሁን ከወርክሾፑ አውጥቼዋለሁ፤ ባለቤቴ አበባ ትከልበት።

መዳብ እፈልጋለሁ። ዲያሜትሩ 100 ሚሊሜትር የሚሆን ወፍራም ቱቦ ጎንደር ውስጥ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እስከዚያ በአየር ይሄዳል። እርስዎ ፈቃደኛ ከሆኑ ብየዳውን እርስዎ ባሉበት መሥራት እፈልጋለሁ፤ እኔ የመዳብ ብየዳ ሠርቼ አላውቅም።

ብየዳ አስተማሪዋ · ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 2፡30

ፈቃደኛ ነኝ። ቱቦው ባይገኝ ከመዳብ ላሜራ ጠቅልለን እንሠራዋለን፤ መገጣጠሚያውን እንዴት እንደምናነባብረው አሳይሃለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ።

ዘጋፋት · ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 6፡20

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ያበርታችሁ። እኔ ባለሁበት ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነው ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት፤ ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል። የዋትን ሲሊንደር ልክ አድርጎ የቦረቦረለት ጆን ዊልኪንሰንም የመድፍ አፈሙዝ የሚቦረቡር ሰው ነበር፤ እሱ እስኪመጣ ድረስ ዋት እንፋሎት የማያፈስ ሲሊንደር አላገኘም። መድፍና ሞተር በአንድ ወርክሾፕ ነው ያደጉት። አንተ ቀለሁን አበባ ስላስተከልክበት ደስ ብሎኛል።

የቢየላው ነገር ግን አልተውህም። አሁን ሞተሩ ስለሄደ ያንን 3 ሚሊሜትር ላሜራ እንዳትረሳው። ማፍያው እስኪያልቅ ጊዜ አለህ፤ ቢየላውን አሳጥረህ ላሜራውን አውጣ፣ ማቀፊያውን ወደ ነበረበት መልስ፣ እርሳሱን እንደገና እሰር።

የአዘዞው ቶርነኛ · ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 3፡05

እሺ ጋሼ። ቢየላው ሞርሳው ላይ ነው።